የአስራት ቁርስ

በመስከረም መጀመሪያ ጡረታ ወጣሁ። ኮሌጅ ፓርክ፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል እንግዳ የማመላልስበትን ሚኒባስ ቁልፍ ለአለቃዬ አስረከብኩ። አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ሾፌሮቹ፣ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች፣ ኬክ ገዝተው፣ ላዩ ላይ ስሜን አሳስተው አስጽፈው፣ ሻንጣ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ከበቡኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ፋይናሊ ሪታየር አደረግክ!» አለኝ አንዱ። «ላይክ፣ በሥራ ዘመንህ የማትረሳው ቀን የቱ ነው? ስፒች አድርግ እስቲ!»

ከተማው በበረዶ በተዘጋበት ቀን ሁለት ሙሽሮችን እንዴት አድርጌ ሰርጋቸው ላይ እንዳደረስኩ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ታሪኩ ግማሹ ውሸት ነው። ውሸት አያቅተኝም፤ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የተሳካልኝ ሥራ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። የማልረሳው ቀን ግን ኬክ እየበሉ የሚያወሩት አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ሙያዬ መጀመሪያ ውሃ ነበር። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበርኩ። ጠላቂ ሲባል ሰው ጀግና ይመስለዋል። የእኛ ሥራ የመርከብ ሆድ መፋቅና መዘውሩ ላይ የተጠመጠመ ገመድ መቁረጥ ነበር። አስራት እኔ ካሠለጠንኳቸው ልጆች አንዱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነበር። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ሳቅ ይጠፋና ጭምት ይሆናል። አገር ሲታመስ በየፊናችን ሱዳን ገባን። ከዚያ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አትላንታ ተገናኘን። ባሕር በሌለበት ከተማ ሁለት ጠላቂ! አስራት መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቲኬት ይቆርጥ ነበር፤ እኔ የሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። የልብስ ማጠቢያዋ አለቃ ሽንት ቤት የቆየሁበትን ደቂቃ ትቆጥር ነበር። ስለ ደመወዙ ባናወራ ይሻላል።

አንድ ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይን ይዤ በእግሬ ስሄድ፣ በቬትናሞች ምግብ ቤትና በአንድ ጎማ ቤት መካከል ባለች ሱቅ መስኮት ላይ ጥቁር የጠላቂ ልብስ ተሰቅሎ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ባለ ሱቁ ገዢ መስዬው ወጣ። ሚስተር ዌንደል ይባላል፤ ስድሳ የተጠጋ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ዕድሜውን ነዳጅ በሚወጣበት ባሕር ውስጥ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «የዚህ ልብስ አንገት በደንብ አልተጣበቀም፤ ውሃ ያስገባል» አልኩት። ተቆጣ። ልብሱን አውርዶ በአየር ነፋው፣ ከንፈሩን ስፌቱ ላይ አስጠግቶ ዞረው፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

ሰው ቀዳዳ በጣቱ ይፈልጋል። ዌንደል በከንፈሩ ነበር። መጀመሪያ የልብሱን እጅጌዎች በጠርሙስ፣ አንገቱን በኳስ ደፍኖ ይነፋዋል። ከዚያ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይቀባዋል፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በዚህ ሌላው ሰው ይጨርሳል። እሱ ግን ልብሱን ያደርቅና ዓይኑን ጨፍኖ ስፌቱን ከእግር እስከ አንገት በታችኛው ከንፈሩ ይዳስሰዋል። «ጣት ሥራ ለምዷል፤ ደንድኗል። ከንፈር ግን ትንሽ ነፋስም ታውቃለች» ይለኝ ነበር። ማስቲሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባትን፣ እስኪደርቅ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን፣ ዚፕ በሰም ማሸትን ከሱ ተማርኩ። ከሁሉ የከበደኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጡ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ ከዚህ ይበልጣል። ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይይዛል፤ እርሳሷ በሲባጎ ታስራለች። ውሃ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመግባቱ በፊት ይጠየቃል፤ ስንት ሰዓት ተኛህ? ሽንትህን መቼ ሸናህ? ምን በላህ? መልሱ ይጻፋል። አንድ ቀን «ለምን ደህና ነህ ወይ ብለህ አትጠይቅም?» አልኩት።

«ዴም» አለኝ፤ ስሜን ቆርጦ ነበር የሚጠራኝ። «ደህና ነህ ወይ ተብሎ አይደለሁም ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሰው ደህንነቱን አያውቅም። የበላውን ግን ያውቃል።»

ሳቄ መጣ። የእኛን ሰው አያውቀውም ነበር እኮ፤ እግሩ ተሰብሮ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ሰው። ከዚያ ወዲህ ግን እኔም ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ምን በላህ ነበር የምለው።

በዓመቱ አስራትን አመጣሁት። እንግሊዝኛው ከእኔም የባሰ ስለነበር እኔ እያስተረጎምኩ፣ እሱ በእጅ ምልክት፣ የከተማውን ሐኪምና ጠበቃ በዋና ገንዳ ውስጥ ያሠለጥን ጀመር። ደንበኞቹ ወደዱት። ዌንደልም ወደደው፤ ገንዳው ውስጥ ሲያየው «ይሄ ልጅ ዓሣ ነበር፤ በስህተት ነው ሰው የሆነው» ይል ነበር። አስራት በበኩሉ «ጋሼ፣ ከምጽዋ ወዲህ ሰው መሆኔ የተሰማኝ ዛሬ ነው» አለኝ፤ አልረሳውም።

የኦርካው ነገር የመጣው ከደንበኞቹ ነው። ኦርካ ማለት ያ ጥቁርና ነጭ፣ ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚሉት ነው። ዌንደል በወጣትነቱ ሰሜን ኖርዌይ ሠርቶ ነበርና፣ ክረምት ሲገባ ኦርካዎቹ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ተከትለው በተራሮቹ መካከል ወደሚገባው የባሕር ወሽመጥ እንደሚመጡ ያወራ ነበር። ደንበኞቹ ለመኑት። ሁለት ዓመት ተዘጋጀን። ስድስት ልብስ እኔ ራሴ አጣበቅኩ፤ እያንዳንዷን ስፌት በከንፈሬ ዳሰስኩ። የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ዌንደል ጀልባ ይነዳል። አስራት ከደንበኞቹ ጋር ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ አስራትን እጠብቃለሁ።

ጉዞው የተቆረጠው ለኅዳር መጨረሻ ነበር፤ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አልማዝ መናገር አለብኝ። አልማዝ የአስራት ሚስት ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ወርዶባታል። ያን ጊዜ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አስራት ተሳለ፤ ይህ ጽንስ በሰላም እንዲወለድ የነቢያትን ጾም እስከ ገና ድረስ፣ አንድ ቀን ሳያጎድል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ እጾማለሁ ብሎ። እርጉዝ አትጾምምና የእሷንም ድርሻ እኔው እጾመዋለሁ አለ። ዓሣም ሳይቀር ትቷል። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እሷና እኔ ነበርን። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ጾም የሚባል ነገር ከምጽዋ ጋር ትቼው ነበር።

እዚያ ስንደርስ ፀሐይ አልነበረችም። በዚያ ወራት አትወጣም። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሰማያዊ ብርሃን ይመጣና ይሄዳል፤ መዋኘት የሚቻለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። ብርሃኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል። አስራት ውሃ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ ባዶ ሆዱን ነው ማለት ነው፤ ውሃው ደግሞ እጅ ሲነክሩበት አጥንት ድረስ ያማል።

የመጀመሪያው ቀን ጀልባው ላይ ዌንደል ደብተሩን አወጣ። ደንበኞቹን ጠየቀ፣ ጻፈ። ወደ አስራት ዞረና አገጩን ወደ እኔ አደረገ፤ ጠይቀው ማለቱ ነው።

«ምን በላህ?» አልኩት በአማርኛ።

«ጋሼ ደግሞ፣ እያወቅክ! ጾም ነኝ እኮ» አለ እየሳቀ።

«ምን አለ?» አለ ዌንደል እርሳሱን ይዞ።

«ዳቦና ሻይ» አልኩ።

ፊቱ ተቋጠረ። «ዳቦና ሻይ የቢሮ ሰው ቁርስ ነው። እዚህ ውሃ ውስጥ ስብ ነው ሰውን የሚያቆመው። ነገ እንቁላል ካልበላ ጀልባው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ እገባለሁ። ንገረው።»

ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ማደሪያችን ውስጥ፣ አስራት ምስርና ድንች እየበላ፣ ተነጋገርንበት።

«ለሰውየው እንንገረው» አልኩ። «ስለት ነው እንበለው። ይገባዋል።»

«ምን ብለህ ታስረዳዋለህ? ለሱ ባዶ ወሬ ነው። ጾም ደግሞ በአደባባይ አይወራም» አለ። «ምጽዋ ጾመን አልጠለቅንም?»

«የምጽዋ ውሃ ሾርባ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። የማይከደነው ጥርሱ ተከደነ። «ጋሼ፣ ልጄን በዚህ ጾም ነው የያዝኳት። ሁለት ቀብሬአለሁ። ካፈረስኩና አልማዝ አንድ ነገር ከሆነች፣ እንቁላል ስለበላሁ ነው እያልኩ ነው የምኖረው። ከውሃው ካወጣኝ ደግሞ ሰውየው ሁለተኛ አያምነኝም። ዝም በልልኝ። ስድስት ቀን ነው።»

ዝም ብል ደግ ነበር። እኔ ግን ከዝምታም አልፌ ሄድኩ። በማግስቱ ዌንደል ሲጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ «በወተት የተሠራ የአጃ ገንፎና ሁለት እንቁላል» አልኩት። የራሴን ቁርስ ነበር የነገርኩት። እኔ የበላሁትን ለአስራት ሰጠሁት። ዌንደል «ጎበዝ» ብሎ ጻፈ። አስራት «ኤግ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ዞር ብሎ አየኝና ጠቀሰኝ። ዌንደል ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ትቶ ሞተር ስለሚያሞቅ፣ ደንበኞቹም ለብቻቸው ስለሚበሉ ማንም የሚያጋልጠን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እንቁላሉን ሦስት አደረግኩት። ውሸት አንዴ ከለመዱት እጅ ይፈታል።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ዌንደል «አንተም ግባ፤ አጣብቀህ አጣብቀህ ሳታይ አትቀር» አለኝና ገባሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው፤ ፉጨት፣ ከዚያ ዘይት ያልጠጣ የበር ማጠፊያ የመሰለ ሲጥታ። ከዚያ ከሥሬ ነጭ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ዓሣውን እንደ ከብት ነድተው፣ ዙሪያውን እየዞሩ አንድ ቦታ ሰብስበውት ነበር። አንዱ በጅራቱ ይመታና የደነዘዘውን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ አይሻሙም፣ ተራ ይጠብቃሉ። ውሃው በዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። አንዷ እናት ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ ክንድ በሚያህል ርቀት አለፈችና በትንሽ ዓይኗ አየችኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ፍጡር የለም። አስራት ከአጠገቤ ነበር። እጄን ያዘኝ፤ ጭንብሉ ውስጥ ያለቅስ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያን ሰዓት አላስታወስኩም።

አምስተኛው ቀን ጠዋት አስራት ጓንቱን ራሱ ማጥለቅ አቃተው። ጣቶቹ ዘገዩበት። ዚፑን እኔ ዘጋሁለት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ሲናገርም ቃሉን ይጎትታል። እነዚህን ምልክቶች አውቃቸዋለሁ፤ ለሰው የማስተምረው እኔው ነበርኩ። አምስት ቀን ሙሉ በቀን አንዴ፣ ያውም ምስርና ድንች እየበላ ነው የከረመው።

«አስራት፣ ዛሬ ቅር» አልኩት።

«አንድ ቀን ነው የቀረው፣ ነገ እኮ እንጨርሳለን» አለ። «ጋሼ፣ በልጄ።»

ዌንደል ደብተሩን አወጣ። «ምን በላ?»

አሁንም ያቺን ሰዓት አያታለሁ። ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ደንበኞቹ ቸኩለዋል፣ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ከሰው ቁመት የሚረዝም የወንድ ኦርካ ክንፍ ውሃውን ሰንጥቆ ወጥቷል። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። «ምንም» ብል ይበቃ ነበር።

«አጃና እንቁላል» አልኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተዋል። አስራት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ደህና ነኝ የሚለውን ምልክት አሳየኝ። እጁን አላወረደም። ዝም ብሎ አናቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ በዝግታ ወረደ። ፊቱ ውሃው ውስጥ ነበር። ኦርካዎቹን ቁልቁል የሚያይ መሰለኝ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፤ ደንበኞቹ ሲንቀሳቀሱ እሱን ግን ማዕበሉ ብቻ እንደሚያንቀሳቅሰው ገባኝና ጮህኩ። ጎትተን ስናወጣው ልብሱ ውስጡ ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ዌንደል ደረቱን እየገፋ፣ አፉን በአፉ አድርጎ እየተነፈሰለት፣ እኔ ሞተሩን ይዤ ወደ መሬት በረርን። ኦርካዎቹ ጥቂት ከጎናችን ዋኙና ተመለሱ። ገዳይ የሚሏቸው እነሱ አልነኩትም።

በትንሿ ሆስፒታል ሐኪሙ ወጥቶ ማለፉን ከነገረን በኋላ ጠየቀ፤ ሰውየው ጠዋት በልቶ ነበር? ዌንደል ደብተሩን ዘረጋለት። አምስት ቀን፣ አምስት ቁርስ፣ በእርሳስ። ሐኪሙ አነበበና ራሱን ነቀነቀ፤ እንግዲያው ልብ ይሆናል አለ። አስከሬኑን እንመርምረው ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ የአገሩ ሰው እኔ ነበርኩ። «በእኛ ባህል አስከሬን አይከፈትም» አልኩት። ስለ ባህል ተጨንቄ አልነበረም። ባዶ ሆዱ እንዳይታይብኝ ነበር። ፈሪ ነኝ። ይህን ቃል ራሴ ላይ ለመጻፍ ይህን ያህል ዘመን ፈጀብኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያየሁት ንጋት ግን ሳይጠራ ተመልሶ የሚጨልም ነበር።

ልጅቱ ከገና በኋላ በሰላም ተወለደች። ስምረት አሏት። ከሰማንያ ቀኗ በፊት የሞቱን ሁኔታ የሚገልጸው ወረቀት ከኖርዌይ መጣ፤ በእንግሊዝኛ ነው። አልማዝ የንስሐ አባቷን አስቀምጣ «ጋሽ ደምሴ፣ ያንብቡልኝ» አለችኝ። እየተረጎምኩ አነበብኩ። የውሃው ቅዝቃዜ፣ የልብሱ ሁኔታ፣ የልብ ድካም። ከመካከሉ አንድ መስመር አለች፤ ሟቹ በዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በወተት የተሠራ የአጃ ገንፎና እንቁላል ተመግቦ ነበር የምትል። ዘልያት ልሄድ እችል ነበር። ቄሱ ከአጠገቤ ሆነው ወረቀቱን ያዩ ነበር፤ እንግሊዝኛ ይችላሉ። አነበብኳት። የራሴን ውሸት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለስኳት።

«እንቁላል?» አለች።

«ይላል» አልኩ።

«ወተትም?»

«እንደዚያ ይላል።»

ሕፃኗን አቅፋ ነበር። ቁልቁል አየቻት። አላለቀሰችም። «ለዚህ ነዋ» አለች። «ስለቱን አፍርሶ ነዋ። ልጄን ትቶልኝ እሱን ወሰደው።»

ቄሱ አጽናኗት። ለነፍሱ ምን ላድርግ ስትላቸው፣ የጽጌን ጾም ጹሚለት፣ ምጽዋት ስጪለት አሏት። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ሰው የሚጾመው ወዶ ነው። አልማዝ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ባሏ በላው ስለተባለው እንቁላል በየዓመቱ አርባ ቀን ትጾማለች። እኔ እያወቅኩ።

ዌንደልም ነበር። ከጉዞው ስንመለስ የአስራትን ልብስ ሱቁ ጓሮ ወዳለው መታጠቢያ ገንዳ ይዞ ገባ። ነፋው፣ ነከረው፣ አረፋ ፈለገ። አድርቆ በከንፈሩ ዳሰሰው። በማግስቱ ደገመው። ሦስት ሳምንት። ከንፈሩ ከጎማው ብዛት ቆሰለ። «ውስጡ እኮ ደረቅ ነበር፣ አይተኸዋል» አልኩት። «ሰውየው ተኝቷል፣ ሸንቷል፣ በልቷል። በብርድ ካልሞተ በምን ሞተ? ቀዳዳ አለ፤ እኔ ነኝ ያጣሁት» አለኝ። ያጣበቅኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አንተ ነህ አላለኝም። አንድ ቀን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀና አለና «ዴም፣ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር?» አለኝ።

«ሁሉንም ጠይቀናል» አልኩት።

በዓመቱ ሱቁን ሸጠ። እኅቱ ጋ ሌላ ስቴት ሄዶ እዚያው ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ከንፈሩ ድኖለት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ማስቲሽ ሁለተኛ አልነካሁም፤ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ዓመታት ሄዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ቃል ግን ሳትርቀኝ አብራኝ አረጀች።

አሁን ኬኩን በበላሁ በወሩ ስምረት ደወለችልኝ። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ የምትኖረው ቴክሳስ ነው።

«ጋሽዬ፣ እማዬን ኮንቪንስ አድርግልኝ» አለች። «ሹገሯ ድሮፕ አድርጎ ፓስ አውት አደረገች። ዶክተሩ ፋስት ማድረግ ኖ ዌይ ብሏታል። እሷ ደግሞ ጽጌን ለአባትሽ ነፍስ ነው፣ ሳልጨርስ ብሞትም ልሙት ትላለች። አንተን ትሰማሃለች፣ ፕሊስ።»

እሷንም ልገድላት ነው አልኩ በልቤ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ አቮንዴል እስቴትስ፣ ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤቷ ያስቀመጠችላት ዳቦና ምስር ወጥ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፤ አልነካችውም። ፊቷ ገርጥቷል።

«ጋሽ ደምሴ፣ እንኳን ለዕረፍት አበቃዎት» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ። «አልማዝ፣ አስራት አልበላም ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቀና አለች።

«እንቁላሉንም፣ ወተቱንም። አንድ ቀን አልቀመሰም። ጾሙን ሳያጎድል ነው የሞተው። በላ ብዬ ለሰውየው የነገርኩት እኔ ነኝ። የተጻፈው የእኔ ቁርስ ነው። እውነቱን ብናገር ኖሮ ከውሃው ያወጡት ነበር።»

እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች፣ ከቤቴ ውጣ ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ያን ርግማን ስጠብቅ ነበር። አልማዝ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሣች። ወደ ምሥራቅ ዞረች። ሦስት ጊዜ ሰገደች፤ በሦስተኛው መነሣት አቅቷት ክንዷን ይዤ አነሣኋት።

«ተመስገን» አለች እንባዋ እየወረደ። «ተመስገን! ጠብቋታል! ልጁን ጠብቋታል!»

«አዎ፣ ጠብቋታል። እንግዲያው ብዪ» አልኩና ሳህኑን ከፍቼ አስጠጋሁላት። «ለሱ አያስፈልገውም። ብዪ፣ እባክሽ።»

ተቀመጠች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሳህኑን ቆይታ አየችው። ደስታው ከፊቷ ቀስ እያለ ሄደ፤ ስትቆጥር አየኋት፤ ዓመቶቹን ይመስለኛል።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ማን ኃጢአት ነው የጾምኩት?» አለች።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«አትጹሚልኝ» አልኳት። «አልማዝ፣ ሰውነትሽ አይችልም። በስምረት ይዤሻለሁ።»

«ስለ ሌላ ሰው መሆኑን ሳላውቅ ችዬዋለሁ፤ ዐውቄማ አያቅተኝም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሳህኑን በእጇ ጀርባ ወደ እኔ ገፋችው። «እርስዎ ይብሉ፣ ጋሽ ደምሴ። ያን ጊዜም የበሉት እርስዎ ነበሩ።»